የሎክስሊ ሳጥኖች የእሁድ ድምፅ

በአሜሪካዋ ኮሎምበስ ከተማ፣ ኢስትሙር በሚባለው ሰፈር አካባቢ ስፒከሩ የተቀደደበት፣ አምፕሊፋየሩ የጨሰበት ወይም የአዳራሹ ማይክራፎን እያፏጨ ያስቸገረው ሐበሻ የሚደውለው ወደ አንድ ሰው ነው፤ ወደ እፀገነት ታዴዎስ። ቤቷ ቡናማ ጡብ ነው፤ ጋራዡ መኪና ገብቶበት አያውቅም። በአንድ በኩል የሥራ ጠረጴዛዋ፣ በሌላው በኩል ቁመታቸው ሰው የሚያህል ሳጥኖች ቆመውበታል። ብሎኑ በየመጠኑ በዱቄት ወተት ጣሳ ተለይቶ ተቀምጧል፤ የገባ ዕቃ ሁሉ የባለቤቱ ስምና የገባበት ቀን ተለጥፎበታል። እዚያ ጋራዥ ውስጥ «የት ነበር ያስቀመጥኩት?» የሚል ቃል አይሰማም።

አርባ ስምንት ዓመቷ ነው። ድሬዳዋ ተወልዳ፣ አዲስ አበባ ተግባረ ዕድ ኤሌክትሮኒክስ ተምራ፣ አውቶቡስ ተራ ጀርባ በነበረች አንዲት የሬዲዮና የቴፕ ጥገና ሱቅ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። በዚያ ዘመን ደንበኛ ይገባና ዙሪያውን ቃኝቶ «ባለሙያው የለም እንዴ?» ይላል። እሷ ከካውያዋ ቀና ሳትል «አለ፤ ምን ሆነብህ?» ትለዋለች። ሰውየው ወንድ ባለሙያ ከጓዳ እስኪወጣ ቆሞ ይጠብቃል። በሳምንቱ ያው ሰው ሌላ ቴፕ ተሸክሞ ሲመጣ ግን «እፀገነት የለችም እንዴ?» ነው የሚለው።

ከሻሸመኔ የሚመጡ ጃማይካውያን ደንበኞችም ነበሯት። ጸጉራቸው እስከ ወገባቸው የወረደ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ሳጥናቸውን በአይሱዙ ጭነው ይመጡና የሚሉት ነገር ምንጊዜም አንድ ነው፦ «ቤዝ፣ እህቴ፣ ቤዝ! ደረቴን ካልመታኝ አልተሠራም።» እፀገነት ስለ ጃማይካ ሰው የምታውቀውን ያወቀችው ከእነሱ ነው፤ ይበቃኛልም ብላ ነበር። ኋላ ጉድ ያፈላውም ይኸው እውቀት ነው።

ባሏ ምንያህል ዲቪ ደርሶት ኮሎምበስ ሲገቡ፣ እንደ ሰው ሁሉ የዕቃ መጋዘን፣ ዌርሃውስ ገባች። ዘጠኝ ዓመት ካርቶን ስካን ስታደርግ ኖረች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ጋራዟ ውስጥ የሰው ስፒከር ትፈታለች። ምንያህል የኤርፖርት መንገደኛ ያመላልሳል፤ ሲዬና መኪናውን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚጠብቃት። ባለፈው ሰኔ መግቢያ ላይ ሱፐርቫይዘሯ ጠራትና፣

«የቡድን መሪ፣ ሊድ ላደርግሽ ነው» አላት። «ግን ቅዳሜም ትገቢያለሽ። ካልሆነልሽ ቦታውን የምሰጠው ሰው አለኝ፤ ያንቺም ሰዓት ይቀነሳል። የወሩ መጨረሻ ሰኞ ላይ ቁርጡን ንገሪኝ።»

እፀገነት ነገሩን እንደ ተበላሸ ዕቃ ፈታታ አየችው። ሊድ ከሆነች ጋራዡ ይዘጋል። ጋራዡን ከመረጠች ደግሞ ሐበሻ ብቻውን አያኖራትም፤ ሐበሻ ስፒከር የሚያስጠግነው ለሠርግ ሰሞንና ለፋሲካ ነው፤ በቀረው ጊዜ ስልኩም ይተኛል። ከሙያዋ ለመኖር ዓመቱን ሙሉ የሚመላለስ ደንበኛ ያስፈልጋታል። ደንበኛውም በዚያው ሳምንት መጣ።

ሎክስሊ ይባላል። ስድሳ አምስት የሞላው፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ መካኒክ ነው፤ በወጣትነቱ ኪንግስተን ውስጥ በአንድ የሬጌ ባንድ ቤዝ ጊታር ተጫውቷል። ኮሎምበስ ካሉት የካሪቢያን ሰዎች መካከል የድምፅ ሳጥን ያላቸው አንድ ደርዘን ቢሆኑ ነው፤ ልደቱም ክርስትናውም የበጋ ድግሱም የሚደምቀው በእነሱ ሳጥን ነው። እነሱ ደግሞ ሎክስሊ ያላመነው ሰው እጅ ዕቃቸውን አያስገቡም። በፒክአፑ ሁለት ረጃጅም ሳጥኖች ጭኖ መጣና እጇን ጨበጠ።

«ኢትዮጵያዊት ናት አሉኝ።»

«ነኝ። አንተም መቼም ራስታ ነህ» አለችው በወፍራም ኮፍያው ላይ ዓይኗን ጥላ።

ሎክስሊ ኮፍያውን አነሣ። መላጣ ነው። «ባፕቲስት ነኝ፣ ሲስተር። መዘምራን ውስጥ ነው የምቆመው። አሁን ሳጥኖቹን ታዪልኛለሽ?»

ሁለቱም ሳቁ። እሷ ቴስተሯን አነሣች፤ የሁለቱም ሳጥን የቤዝ ስፒከር ኮይሉ ተቃጥሏል። «ይሠራል» አለችው።

«የወሩ መጨረሻ እሁድ ከከተማው ወጣ ብሎ ሉዊስ ሴንተር፣ የእህቴ ልጅ ግቢ ውስጥ ድግስ አለን። እናቴ ሰማንያ ስምንት ዓመት ይሞላታል። ሳጥኖቼ ያን ቀን ካልዘፈኑ አለቀልኝ። ከዘፈኑ ግን ባለ ሳጥኑ ሁሉ እዚያ ነው፤ ስልክሽን እኔው ራሴ አድልልሻለሁ።»

እሁዱ የዚያች ሰኞ ዋዜማ ነው። ለእፀገነት ከዚህ በላይ ማብራሪያ አላስፈለጋትም።

አንድ ልማድ አለባት፤ ያለ ምርቃት ዕቃ አትመልስም። ጤፍ ሲሰፈር፣ ሽንኩርት ሲመዘን ላዩ ላይ ጣል የምትደረግ ጭብጥ እንዳለች ሁሉ፣ እሷም ስፒከር ለጠገነችለት ሰው የላላ እጀታ ታጠብቅለታለች፣ የዛገ ሶኬት ትለውጥለታለች። ሳትጠየቅ ነው የምታደርገው፤ አድርጋም አታወራም። የሎክስሊን ቤዞች ጠግና ስትጨርስ፣ ምርቃት የሚሆን ነገር ፍለጋ ሳጥኖቹን ዞር ዞር ብላ አየች። በአንደኛው ሳጥን ላይ፣ ከቤዙ በላይ ቀጭኑን ድምፅ ከሚያወጣው ከትዊተሩ በታች፣ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ተበጅቶ ሁለት አሮጌ የሬዲዮ ስፒከሮች ተሰክተውበታል። አንዱ ሌላውን አይመስልም። የአንደኛው ወረቀት ተቀድዶ በቀይ የጥፍር ቀለም ተለጥፏል። ሌላው ሳጥን ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም።

«ይሄ ደግሞ የማን እጅ ሥራ ነው?» አለች ለራሷ። የሻሸመኔዎቹ ቢያዩት ይስቁ ነበር። የሬጌ ሳጥን ይህ ምን ያደርግለታል? ነቅላ አወጣቻቸው። ቀዳዳውን በኮምፔርሳቶ ከደነች፣ ዙሪያውን በብሎን አጠበቀች፣ ጥቁር ቀለም ደገመችበት። ያወጣቻቸውም ሐሙስ ጠዋት ከቆሻሻው ጋር ሄዱ። ከዚያ ቤዙ ከባድ የሆነ ሬጌ ከፈተች። የጋራዡ በር ተንቀጠቀጠ፤ በየጣሳው ያለው ብሎን ተንሿሿ። «እሰይ!» አለች።

እሁድ ዕለት የሲዬናውን የኋላ ወንበሮች አውጥተው፣ ሳጥኖቹን አጋድመው፣ ከምንያህል ጋር ሉዊስ ሴንተር ደረሱ። ግቢው ሰፊ ነው፤ ስልሳ ያህል ሰው ተሰብስቦ ዶሮ በፍም ይጠበሳል። ሎክስሊ የመጀመሪያውን ሬጌ ሲለቅ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ወደ ጫፍ መንሸራተት ጀመሩ። አንድ ጎልማሳ ደረቱን ይዞ «ይህን ማን ነው የሠራው?» ብሎ ጮኸ። ሎክስሊ በጣቱ አሳየው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አራት ሰዎች ስልኳን ወሰዱ።

«በቃ፣ ነገ ያንን ሰውዬ ደህና ሰንብት በይው» አላት ምንያህል የዶሮውን አጥንት እየጋጠ።

«ቀስ በል። ቀኑ ገና ነው» አለችው፤ ልቧ ግን ተናግሮ ጨርሷል።

ስምንት ሰዓት ላይ ሎክስሊ ሙዚቃውን አቆመና ማይክራፎኑን አነሣ። «የእናቴ ሰዓት ደርሷል። ከበሮ ይረፍ!»

የሚጨፍረው ሁሉ ተቀመጠ። ሚስ አይቪ፣ የሎክስሊ እናት፣ ነጭ ባርኔጣ ደፍተው ከጥላው ሥር ተነሡ። ቀጭን ናቸው፤ ወገባቸው ግን እንደ ምሰሶ የቀና ነው። ከሳጥኑ አምስት እርምጃ ርቆ ወንበር ተደረገላቸው፤ ከቤተ ክርስቲያናቸው በአውቶቡስ አብረዋቸው የመጡ ሰባት አሮጊቶችም ከኋላቸው ተደረደሩ። ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካክለው ስብከት የሚጠብቁ መሰሉ።

የተለቀቀው ግን መዝሙርም ሬጌም አልነበረም። ጊታር ነው፤ እንደ ማሲንቆ የሚያላዝን ቫዮሊን ነው፤ እፀገነት ዌርሃውስ ውስጥ ከፎርክሊፍት ሹፌሮች ሬዲዮ በየቀኑ የምትሰማው የአሜሪካ የገጠር ዘፈን፣ ካንትሪ ነው። ሎክስሊ ተሳስቶ መሰላት። ዙሪያዋን ብታይ ግን የሚገረም ሰው የለም፤ ሁሉም ከንፈሩን ለመዝፈን አዘጋጅቷል። ጊታሩ ከላይ እንደ ትንኝ ጢዝ ይላል፤ ቤዙ ከታች መሬቱን ይደልቃል። መሃል ላይ መሆን ያለበት ዘፋኝ ግን የለም። አለ ቢባልም በር ተዘግቶበት ከጓዳ የሚያጉተመትም ነው የሚመስለው።

ሚስ አይቪ በትራቸውን አነሡ። ሙዚቃው ቆመ።

«ሎክስሊ! ሰውየው ምን ሆነ?»

«የትኛው ሰውዬ፣ እማማ?»

«የሚዘፍነው! ታሟል እንዴ? ሚስቱ ሄደች ወይስ ተመለሰች? አንድ ቃል አልሰማሁም እኮ!»

ሰው ሳቀ። ሴትዮዋ ግን አልሳቁም። «ሳጥኔን ማን ነካብኝ?» አሉ።

ሎክስሊ ገመዱን መነካካት ጀመረ። እፀገነት ነገሩ ወዲያው ገብቷታል። የሰው ድምፅ የሚወጣው ከመሃሉ ስፒከር ነው፤ መሃሉን ደግሞ ያወጣችው እሷ ናት። ሬጌው ሲዘፈን ማንም ያልነቃው ዘፈኑን ሁሉም በቃሉ ስለሚያውቀውና እግሩ ስለተያዘ ነው። ዝም ብትል ገመዱ ላይ ይፈረዳል፤ ያልታወቀ ብልሽት ይሆናል፤ አራቱም ሰዎች ስልኳን እንደያዙ ይሄዳሉ። ይህን ሁሉ ለማሰብ የወሰደባት ጊዜ ከወንበሯ ተነሥታ ሚስ አይቪ ፊት እስክትደርስ ያለውን ያህል ነው።

«እኔ ነኝ፣ እማማ። የመሃሉን ስፒከሮች ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

ሎክስሊ ገመዱን ለቀቀ። «በቀይ የተለጠፈውን?»

«አዎ።»

«ቀዩን የቀባሁት እኔ ነኝ» አሉ ሚስ አይቪ። «በራሴ የጥፍር ቀለም። አሥር ዓመት ሠርቷል። የት አለ?»

«ጥዬዋለሁ።»

ሎክስሊ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ሳቁ የለም። «እኔ ቤዙን ሥሪልኝ ነው ያልኩሽ፣ ሲስተር። ይህንን ማን አዘዘሽ? አውቶቡሱ ዘጠኝ ተኩል ላይ አሮጊቶቹን ሁሉ ይወስዳል። እናቴ ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቀው ይህችን ሰዓት ነው።»

ስልኳን ከወሰዱት አራቱ አንዱ ለጎረቤቱ አንድ ነገር ሹክ ሲለው አየች። ሰዓቷን ተመለከተች። ኢስትሙር ሄዶ መመለስ ብቻውን ጊዜውን ይበላዋል።

«አርባ ደቂቃ ስጡኝ» አለች። ከዚያም ዞር ብላ በአማርኛ፣ «ምንያህል! የመኪናውን ቁልፍ!»

«የት ልትሄጂ ነው?»

«የትም። በሩን ልፈታ ነው።»

«የምኑን በር?»

«የሲዬናህን። የፊት በሮቹ ላይ ሁለት ጤነኛ ስፒከሮች አሉ።»

ምንያህል ሳህኑን አስቀመጠ። «እፁ፣ በእመቤቴ! ነገ ስድስት መንገደኛ አለኝ!»

«መንገደኛህ ዘፈን ብሎ ነው ወይስ ኤርፖርት ብሎ ነው የሚሳፈር? አምጣ!»

አመጣ። የመሣሪያ ሳጥኗ ከእጇ አይለይም፤ የበሩን ሽፋን በካቻቢቴ ፈልቅቃ፣ ገመዱን በፒንሳ ቆርጣ፣ ሁለቱን ስፒከሮች በአሥር ደቂቃ አወጣች። ከሎክስሊ እህት ልጅ ጋራዥ የኤሌክትሪክ መጋዝ ተዋሰች። ራሷ የደፈነችውን ኮምፔርሳቶ ፈትታ ሣሩ ላይ አጋደመችና ሁለት ክብ ቀዳዳ ልትከፍትበት በእርሳስ አሰመረች። ሚስ አይቪ ወንበራቸውን አስጎትተው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ምነው አወጣሽው፣ ልጄ?»

«የጃማይካ ሰው ቤዝ እንጂ ሌላ የሚፈልግ አልመሰለኝም። ይሄ ደግሞ የነጭ ገበሬ ዘፈን አይደለም እንዴ?»

«በሬዲዮ መልክ አይታይም» አሉ ሴትዮዋ። «እኔ ያደግሁት ክላረንደን ገጠር ነው፤ አባቴ ሸንኮራ አገዳ ቆራጭ ነበር። መንደሩ ውስጥ አንድ ሬዲዮ ነው ያለው። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሩዙ እስኪበስል፣ ካንትሪ እንሰማ ነበር። የአንዱ በቅሎ ሞታበታለች፤ የአንዱ እናት እየጸለየችለት ነው፤ የአንዱ ሚስት ጥላው ሄዳለች። እኛ መንደር ይህ ያልደረሰበት ማን ነበር?»

ሎክስሊ መብራት የሚስብ ገመድ ይዞ መጣ። እንደተቆጣ ነው፤ ዝም ማለት ግን አልቻለም። «ባንዳችን ካንትሪ የማያውቅ ዘፋኝ አይቀጥርም ነበር። ዘፈኑን እንወስዳለን፣ ከበሮውን እናዘገያለን፣ ቤዙን ከሥር እንሰዳለን፤ ሬጌ ሆኖ ይወጣል። ዛሬም ኪንግስተን ውስጥ የሰፈር ጉልበተኛ ሁሉ በተሰበሰበበት ጭፈራ መሃል አንድ ካንትሪ ልቀቂ፤ ዓይኑን ጨፍኖ አብሮ ሲያንጎራጉር ታዪዋለሽ።»

እፀገነት መጋዙን አስነሣች። ያገሯ ሰው አዲስ ዘፈን ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ግጥሙ ምን ይላል?» ብሎ ነው። የሐበሻን ስፒከር ስታስተካክል ቃሉ ጥርት እስኪል ስንት ጊዜ መልሳ መላልሳ ትሰማለች! ለእነዚህ ሰዎች ግን ደረት እንጂ ጆሮ ያላቸው አልመሰላትም። በዚህ ተናደደች፤ ንዴቱንም ወደ እጇ አወረደችው።

ሁለቱን ስፒከሮች ገጥማ፣ አምፕሊፋየሩን እንዳያስጨንቁት አንዱን ከአንዱ በተከታታይ አገናኘቻቸው። ቤዝ ሾልኮ እንዳያቃጥላቸው በመሃል አንድ ካፓሲተር ሰካች። ካውያዋን አግላ በእርሳስ በየደቻቸው፣ በቴስተር ለካች፣ ክዳኑን በስምንት ብሎን መለሰች። የመኪና ስፒከር ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ሳጥኑን ገፍታ ከሚስ አይቪ ወንበር ሁለት እርምጃ አደረሰችው፤ የቤዙን ድምፅም በግማሽ ቀነሰች። ሎክስሊን «የመሃሉን ከዚህ ምልክት አታሳልፍ» ብላ አስጠነቀቀችው። ሠላሳ ስምንት ደቂቃ።

ዘፈኑ እንደገና ተለቀቀ። ሰውየው ከጓዳ ወጣ። ጉሮሮው ላይ ያለው ሻካራ ነገር ሳይቀር ይሰማል፤ ቃሉ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ነው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ አሮጊቶቹ ገቡ፤ ቀጥሎ ስልሳውም ሰው። ቅድም ደረቱን ይዞ የጮኸው ጎልማሳ አሁን ባርኔጣውን ይዞ ከሁሉም በላይ እየጮኸ ይዘፍናል።

ሚስ አይቪ ቃሉን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ወደ እፀገነት ዘወር አሉ።

«ሄዳለች» አሉ። «ሚስቱ ሄዳለች። ደግ አደረገች።»

አውቶቡሱ ሲመጣ አሮጊቶቹ አንድ ሳይደግሙ አንነሣም ብለው ሹፌሩን ሩብ ሰዓት አቆሙት። ሎክስሊ እናቱን አሳፍሮ ተመለሰና ክዳኑን በጣቱ አንኳኳ፤ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አየ።

«ያላዘዝኩሽን ሠርተሽ ሳጥኔን አበላሸሽ» አላት። «ይህን አልረሳውም።»

«አትርሳው። እነዚህ ጊዜያዊ ናቸው፤ አቅማቸው ትንሽ ነው። ለሳጥኑ የሚሆነውን ትክክለኛውን በራሴ እገጥማለሁ።»

«ሌላ ሰው ቢሆን ገመዱ ነው ይለኝ ነበር። እኔም አምኜ ሳምንት ሙሉ ገመድ ስለውጥ እከርም ነበር።» ኮፍያውን ደፋ። «ማክሰኞ እመጣለሁ። ብቻዬንም አልመጣም።»

ወደ ኢስትሙር ሲመለሱ የሲዬናው የፊት በሮች ውስጣቸው ይታያል፤ ሬዲዮ የለም። ምንያህል ባዶውን በር ገልመጥ እያደረገ ይነዳል።

«አዲስ ስፒከር እገጥምልሃለሁ» አለችው። «ከነምርቃቱ።»

«ምርቃቱን ለእግዜር ብለሽ ተይልኝ!» አለ፤ ከዚያ ሁለቱም ሳቃቸው አመለጣቸው።

ሰኞ ጠዋት ሱፐርቫይዘሯ ቢሮ ገብታ ቆማ ነገረችው። «ሊድነቱን ለሌላ ሰው ስጥ። የሁለት ሳምንት የመልቀቂያ ኖቲስ ነው የምሰጥህ፤ ሥራዬን ለሚረከበው ሰው መስመሩን እኔ ራሴ አሳየዋለሁ።» ሰውየው ምን ልትሠሪ ነው አላት። «ስፒከር» አለችው። ቀልድ መስሎት ጠበቀ፤ ስታፈጥበት የእረፍት ቀኖቿን ያሰላላት ጀመር።

ማክሰኞ ከሥራ መልስ ስትደርስ ሦስት ፒክአፖች ደጇ ላይ ቆመዋል። የሎክስሊ ከፊት ነው። ከሁለተኛው የወረደው ሰው ሴንት ሉሺያ ከምትባል ደሴት የመጣ ቀለም ቀቢ ነው፤ እሁድ ያ ግቢ ውስጥ አልነበረም፣ ነገሩን በወሬ ነው የሰማው። ሳጥኑን ለማውረድ እጀታውን ሲይዝ እፀገነት አስቆመችው።

«እሁድ ካንትሪ ትሰማለህ?»

ሰውየው ተከፋ ማለት ይቻላል። «እሁድ ብቻ? እኛ ደሴት ላይ ሰኞም ካንትሪ ነው። ተቃቅፈን የምንጨፍረው በምን ይመስልሻል?»

«እንግዲያውስ ከማውረድህ በፊት ስልክህን አውጣ» አለችው። «የምትወደውን አንዱን አሰማኝ።»

ሰውየው ሎክስሊን አየ። ሎክስሊ ትከሻውን ነቀነቀ። ስልኩ ተከፈተ፤ እፀገነት የፒክአፑን ጎን ተደግፋ ቃሉን ማድመጥ ጀመረች።